ያለ ሚስማር

ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ ከአክስቱ ቤት የተረፈ፣
አንድ ቁምሳጥን ብቻ ነው፤ ከቀይ ምልክት ያለፈ።
ባሌ መክብብ ጫነውና፣ በአይሱዙ አስሮ በገመድ፣
ሰንጋ ተራ አመጣብኝ፣ ቅዳሜ ረፋድ።

እኔ ደግሞ፣
ቤቴን በወረቀት ስዬ፣ በሴንቲ ሜትር ለክቼ፣
ግራጫውን ኤል ሶፋ፣ ከቁጠባ ማኅበር ተበድሬ ገዝቼ፣
ነጭ መጋረጃ፣ ነጭ መደርደሪያ፣ የመስታወት ጠረጴዛ፣
እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ባዶ፣ ብርሃን እንደ ልብ እንዲነዛ።
«ይሄ ሬሳ የት ሊቆም ነው?» አልኩ፣ በሩን ይዤ ቆሜ፤
መክብብ ዝም አለ፤ ዝምታው፣ ይረዝማል ከኔ ዕድሜ።

ሊፍቱ ያን ቀን ይሠራ ነበር፤ በወር አንዴ የሚደርሰን ዕጣ፤
ቁምሳጥኑ ግን አልገባም፤ ጎንበስ አይል፣ አይቆጣ።
ሦስት ተሸካሚ በደረጃ፣ «ኧረ ቀስ! ጠርዙን ያዘው!»
ሰባተኛ ፎቅ ሲደርሱ፣ ላባቸው ወለሉን አራሰው።
ኮሪደሩን አልፎ መጥቶ፣ በበሬ ላይ ተገተረ፤
በሩ አራት ጣት ጎደለውና፣ እዚያው ውጭ አደረ።

ጎረቤት እየታከከው፣ ሦስት ቀን ኮሪደር ቆመ፤
የኮሚቴው ሰብሳቢ መጥቶ፣ ደብዳቤ ጽፎ አተመ።
እኔም ከታች «ቆራሌው!» ሲል፣ ሰምቼ ወጣሁ በረንዳ፤
«ና!» አልኩት። ወጣ። ዞሮ አየው።
«ስምንት መቶ፣ ለማገዶ» አለኝ፤ እጁን አጣምሮ እንደ ባዳ።
አፌ «እሺ» ሊል ሲከፈት፣ መክብብ ከሥራ ደረሰ፤
ቆራሌው ፊቱን አይቶ፣ ሳይሰናበት ተመለሰ።

እሁድ ጋሽ ሸምሱ መጣ፣ መጋዙን በጋዜጣ ጠቅልሎ፤
እኔ «ቁረጠው» ልል፣ ምላሴ ተስሎ።
እሱ ግን መጋዙን አስቀምጦ፣ ጆሮውን ለጠፈ ከጎኑ፤
በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ዳሰሰ፣ አገኘው፤ ሳቀ ዓይኑ።
«እመቤት፣ ሚስማር የለውም።
ይሄን የሠራው ሰውዬ፣ ቤት እንደሚፈርስ ያውቃል።
ሽብልቁን ንቀይው ብቻ፣ ራሱ ልብሱን ያወልቃል።»

አንድ ብሎ፣ ሁለት ብሎ፣ አሥራ ስድስት የወይራ ሽብልቅ፤
ዋንዛው በሸራ ላይ ተኛ፣ ሳይቧጠጥ፣ ሳይሰነጠቅ።
በየሳንቃው ጀርባ በእርሳስ፣ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ፣
ስሙን ሳይጽፍ ነግሮን ኖሯል፣ ማን ማንን እንደተከተለ።

ዞሬ ነጩን መደርደሪያ አየሁት፤
«ዘመናዊ፣ ተገጣጣሚ» ብለውኝ የገዛሁት፤
ከካዛንቺስ ኪራይ ቤት ስንለቅ፣ አንዴ ብቻ ቢፈታ፣
ሰጋቱራው ረግፎ፣ ብሎን አልይዝም ያለበት ቦታ፣
ዛሬም በፕላስተር ታስሮ ይኖራል፣ እንደ ወለምታ።

ገባ። ገጠምነው። አሁን የት ይቁም? ሌላ ሙግት።
መኝታ ቤት አልቻለውም፤ ሳሎን ቆመ፣ ከሶፋው ፊት።
ራቅ ብለን ስናየው፣ እንደ ሽማግሌ በልጆች ልደት፣
ፊኛ መሃል አቁመውት፣ እጁን የሚያሳርፍበት ያጣበት።
ሶፋውን ሦስቴ ጎተትኩ፤ መብራቱን ወደሱ አዞርኩ፤
የዋንዛው መልክ በመስታወቱ፣ ወርዶ ሲዋኝ አየሁና አፈርኩ።

አልተዋደዱም፤ አልዋሽም። ሶፋዬ አሁንም ግራጫ፣
እሱም አሁንም ሰፊ፣ ወጣሁ ገባሁ ስል መጋጫ።
አንድ እግሩ አጥሮ ኖሯል፣ ዘመም ያለ ወለል ለምዶ፤
የኩሽናዬ ሴራሚክ ስባሪ፣ ቀጥ አደረገው አስገድዶ።
በውስጡ የአክስቱ የአልታዬ፣ የቴሌ ሰማያዊ ካፖርት፣
ከሥሩ የኔ የስፖርት ጫማ፤ ሁለቱም ባንድ ቤት።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ውኃ ፍለጋ ስነሳ፣
የመስታወቱ ጠረጴዛ ቅልጥሜን አለኝ፤ እንደ ቁርሾ የማይረሳ።
ተንገዳገድኩ። እጄ ዋንዛውን ያዘ።
ዘጠነኛው ሽብልቅ ላልቷል፤ በጣቴ ነካሁት፣ ተወዛወዘ።
በጫማ ተረከዝ መታ መታ አድርጌ መለስኩት ቦታው፤
ኮላ ግን አልቀባሁትም።
ጋሽ ሸምሱ ከልክሎኛል፤ ከተማውን እኔም አየዋለሁ፣ ማታ ማታው።