የፀሐይ ማድያት

አንድ ዓይኑ የታወረ ባይኖኩላር ተውሼ
ከወፍ ቆጣሪው ከጋሽ ሙሄ ደጅ ሦስቴ ተመላልሼ፣
በተሰበረ ወንበር ጀርባ በሲባጎ አስሬ
ከክፍላችን ጥላ ሥር ነጭ ካርቶን ወጥሬ፣
"ማንም ቀና እንዳይል!" አልኩ፤ "በዚህ አጮልቆ ያየ
በአንድ ቅጽበት ከብርሃን ለዘላለም ተለየ።
ጀርባችሁን ስጧት፤ ፀሐይ በጀርባ ነው የምትጠና፤
ካርቶኑ ላይ ጠብቋት፣ ራሷ ትመጣለችና።"

መጣች። የብርጭቆ አፍ ታህላለች፤ ትንቀጠቀጣለች፤
ነፋስ እንደነካው የሐይቃችን ውኃ ትናጣለች።
ከመሃሏ የዝንብ ኩስ የመሰለ ነጥብ።

"ቆሽሿል" አለ ፈንታው፤ ካርቶኑን በእጅጌው ጠረገ፤
ነጥቡ እጅጌው ላይ ወጣ፤ ሊጠፋ አልፈለገ።
መስታወቱን ወለወልኩ፤ አለ። ወንበሩን አዞርኩ፤ አለ።
ያኔ ነው ሳቁ ቆሞ ክፍሉ ጸጥ ያለ።

"ቲቸር፣ ማድያት ነው?" አለች ጦይባ ከኋላ ወንበር፤
"እናቴ ሽንኩርት ስትሸጥ ከመናኸሪያው በር
ጉንጯን ያጠቆረችው ይቺው ፀሐይ አልነበረች?
እሷንስ ማን አጠቆራት? በማን ፀሐይ ነደደች?"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም፤
መጽሐፉ "መግነጢስ" ይላል፤ ስለ ጉንጭ አንድም አይልም።
"አብሽሪ፣ ጥሩ ጠየቅሽ" አልኳት፣ ጠመኔዬን አንስቼ፤
"ከውስጧ ነው" አልኩ፣ ቋጠሮውን በቀስት አሳይቼ።
"ሙቀት ከሆዷ ሲወጣ ቋጠሮው ያግደዋል።
በረደ ስል የደሴን ብርድ እንዳታስቡ አደራ፤
ብረት እንደ ሽሮ ይንተከተካል እዚያ ስፍራ።
ቆርጠን ለብቻው ሌሊት ሰማይ ላይ ብንሰቅለው
ጨረቃን ያሳፍር ነበር፤ ማንም 'ጥቁር' አይለው።
ጥቁር ያሰኘው የጎረቤቱ ድምቀት ነው።"

ይህን ስል የኋላ ወንበሮች ቀና ቀና አሉ፤
ምን እንደሰሙ አልጠየቅሁም፤ እነሱም ምንም አላሉ።

ከዚያ ወዲያ በየዕረፍቱ ጦይባ ክብ ትስላለች፤
በሻይ ብርጭቆ አፍ ዙሪያ እርሳሷን ታዞራለች።
ሰኞ መሃል፣ ሐሙስ ወደ ቀኝ፣ በሳምንቱ ሰኞ የለም።
"ሞተ?" "ዞረ እንጂ። ፀሐይም ዝም ብላ አትቆም።"

"በአሥራ አንድ ዓመት አንዴ ነጥቦቿ ይበረክታሉ" አልኩ፤
የፈንታው ጣቶች ዴስኩ ሥር ዕድሜ ሲቆጥሩ ተመለከትኩ።
"ያኔ ሃያ ስምንቴ ነው" አለ፣ ቀጠሮ እንደተሰጠው ሰው።
የት ሆኖ እንደሚያያት አላለም፤ ዓይኑ መናኸሪያው ላይ ነው።

ነጥቡ ሊመለስ በሚገባው ቀን ከሐይቁ ጉም ተነሳ፤
ፀሐይን ወስዶ የት እንዳኖራት ራሱም ረሳ።
ጦይባ ግን ክቧን ሳለች፤ በግራው ጠርዝ ላይ፣ በስሱ፣
ነጥብ አኖረች፤ "ሒሳቡ ነው፤ እዚህ ነው መመለሱ።"
"ያላየሽውን አትሳዪ" አልኳት፤ ድምፄ ከረር አለ መሰለኝ፤
ላጲሷን ዝም ብላ አነሳች። እኔን ከፋኝ።
ነጥቡ ጠፋ፤ የላጲሱ ቁስል ወረቀቱ ላይ ቀረ፤
"ጉም" የሚል ቃል ከሥሩ፣ ከነሰዓቱ ሰፈረ።

ማግስቱን ስመጣ ወንበሩን አስራ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤
ካርቶኑ ላይ ያቺ ክብ እየተንቀጠቀጠች መጥታለች።
በግራ ጠርዝ፣ ላጲሱ ከላጠው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣
አንድ ነጥብ፣ እንደ ተልባ ፍሬ በጎኑ ተንጋሎ።
እርሳሷን ከወረቀቱ በላይ፣ አየር ላይ እንደያዘች፣
"ቲቸር፣ አሁንስ ልሣል?" አለች።