አሥራ አራት ማግኔት

ሁለት ዓመት ሙሉ ልውቨን ስማር ሳለሁ፣
ዓርብ ማታ ሲመጣ አውቶቡስ እይዛለሁ።
ዘጠኝ ዩሮ ቲኬት፣ ጉልበቴ እስኪያብጥ፣
ሌሊቱን በመስኮት የሰው አገር ላይ ሳፈጥ፣
ቅዳሜ ጧት ፕራግ፣ እሑድ ማታ ማደሪያዬ፣
ሰኞ ሁለት ሰዓት ላብራቶሪ ደጃፍ፣ ከነሻንጣዬ።

ከየከተማው አንድ፣ ለፍሪጅ የሚለጠፍ ማግኔት፤
ሌላ ምን ይገዛል በተማሪ ኪስ?
ብስኩት የምታህል ድልድይ፣ ማማ፣ ካቴድራል፣
አንገቱ የተሸረፈ ፈረስ።
አሥራ አራት ከተማ በሹራብ ጠቅልዬ
ባሕር ዳር ገባሁኝ፣ «ጨረስሁ፣ መጣሁ» ብዬ።

ሽምብጥ የተከራየሁት ክፍል ግን ፍሪጅ የለው፤
ብሎኬቱ ግድግዳ አንዷንም አልያዛት፣ ስለጥፍ ስትወድቅ ነው።
አውሮፓ በሙሉ በጫማ ካርቶን
አልጋ ሥር ከረመች፣ ክረምት አልፎ በጋ እስኪሆን።

ጋሽ ይርሳው፣ የእናቴ ወንድም፣
የጎርጎራውን መርከብ ሞተር ሲጠግን ሠላሳ ዓመቱ፣
ናፍጣ ነው ሽቱ።
አንድ ቅዳሜ ወደቡ ድረስ ምሳ ይዤለት ብሄድ፣
ከሞተሩ ሥር ተንጋሎ ይራገማል ለጉድ።
«ብሎኗ! ከሣንቃው ስንጥቅ ገባች፣ ከዘይቱ ጉድጓድ፤
ጣቴ አይደርስ፣ ሽቦ አይነካት፣ ዛሬ የለም መንገድ!»
ከላይ ተሳፋሪው ከነዶሮው፣ ከነጆንያው፣
የደቅ ሰው፣ የቁንዝላ ሰው፣ ተራ ይጠብቃል ከጥላው።
ይብራ ብቻ፣ ምን ቸገረው፣
ከእምቦጩ ዳር ላባውን ይለቅማል፣ ጊዜው የራሱ ነው።

ካርቶኔ ትዝ አለኝ። በባጃጅ በርሬ ይዤው መጣሁ።
ፓሪስን በክር አስሬ በስንጥቁ አወረድሁ።
ፓሪስ ባዶ እጇን ወጣች።
ሊዝበን ነካችና ለቀቀች።
«እነዚህስ ለመልክ ነው» አለ።
ቪየናን አወረድሁ። ሁላችንም ዝም።
ክሩ ከበደ።
ብሎኗ ከነጥቁር ዘይቷ ወጣች፣
ከቤተ መንግሥቱ ጣራ ላይ እንደ ጥንዚዛ ተጣብቃ።

«ይቺ ማናት?»
«ቪየና።»
«ጠንካራ ናት። ስንት ቀን ተቀመጥሽባት?»
«አንድ ቀን ከግማሽ።»
«ማንን አወቅሽባት?»

ዘንቦ ነበር። ሙዚየሙ ውድ ነበር። ከበሩ ፎቶ ተነሣሁ፣
ማታ ባቡር ጣቢያ፣ ቦርሳዬን ተንተርሼ ተኛሁ።
«አንዲት ጽዳት ሠራተኛ» አልሁት፣
«ወለሉን ስትወለውል፣ ሳትቀሰቅሰኝ፣ ዙሪያዬን ዞራ አለፈች።
እግሯን ብቻ ነው ያየሁት።»
«ስሟስ?»
«አልጠየቅሁም።»
ብሎኗን በጨርቅ ጠረገ። አልፈረደብኝም።

«ደቅንስ? ማስተዋል፣ ደቅን አይተሻል?»
ስለ ጣና እምቦጭ ዘጠና ገጽ ጽፌያለሁ፣
ከሰማይ በተነሣ ምስል፣ ቅጠሉን በነጥብ ቆጥሬ።
ከዘጌ ወዲያ ግን አንድ ሌሊት አላደርሁም፣
እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ዋና ተምሬ።
«አላየሁም።»
«ውጪ እንግዲህ። ቲኬትሽን ከፍለሻል።»
«ልብስ እኮ አልያዝሁም!»
«ፕራግ ስትሄጂ ምን ይዘሽ ነበር?»

ሞተሩ ሳለ፣ ሳለና ተነሣ።
ዶሮዎቹ ጮኹ። ውሃው ቡናማ ሆኖ ከኋላ ተቀደደ።
ባሕር ዳርን ከውሃ በኩል አይቻት አላውቅም፤
ዘንባባው ዝቅ አለ፣ ሆቴሎቹ ተጠጋጉ፣
አራት ጣት ሆነች፣ ሁለት ጣት፣
በኋላም ከካርቶኔ የምትገባ፣
ጫፏ በጭስ የተሸረፈ፣ አሥራ አምስተኛዋ።

ታች፣ በሞተር ክፍሉ የብረት በር ላይ
አሥራ ሦስቱ ከተሞች ተደርድረው ይንቀጠቀጣሉ፤
ቪየና በጋሽ ይርሳው ደረት ኪስ ናት፣ ሥራ ላይ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ቢሮ ስብሰባ ነበረኝ።
ጎርጎራ ለመድረስ ሁለት ቀን ነው አሉኝ።