ሦስት ይሁኑ ብዬ

ሽምብጥ ውስጥ፣ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት በርካሽ የገዛኋቸው
ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ አቧራ የጠጣ ሆዳቸው፣
አልጋዬ ሥር ተደርድረው ሌሊቱን ሲያጉረመርሙ
«ንብ ታረባለህ እንዴ?» አሉኝ እትዬ ውዴ፣ ከግድግዳው ማዶ እየሰሙ።
«ብጤው ነው» አልኳቸው። ደግሞም ብጤው ነው፤
አንዷ ስትሞት ሌላ ትተካለች፣ የሚጠበቀው ቀፎው ነው።

ደቅ፣ ዳጋ፣ ክብራን ብዬ ስም አወጣሁላቸው፤
ሰማያዊ ገመድ ዘረጋሁ፣ ያለ ታንኳ እንዲሻገር ቃላቸው።

ያስተማረችኝ ባንቻምላክ ናት፣ ባንክ ቤት የሌሊት ተረኛ፣
ድምፅዋ በስልክ የሚቆራረጥ፣ ትዕግሥቷ ግን የማይተኛ።
«ኩበርኔቲስን ‹አድርግ› አትበለው፤ እሱ ሎሌ አይደለም።
የምትፈልገውን ጻፍለት። ያለውን ከተጻፈው ያስተያያል፣
ሲጎድል ይሞላል፣ ሲተርፍ ይቀንሳል፤ እንቅልፍ የለም።»

ጻፍኩለት፦ ሦስት ይሁኑ።
እምቢ አለ።
ሁለት ሌሊት የበላኝ አንዲት የጎደለች ክፍት ቦታ ናት፤
ባዶም ፊደል መሆኑን፣ ዝምታም ሥርዓት እንዳላት
ያኔ ተማርኩ፣ ጣቴን ስክሪኑ ላይ እያስሄድኩ እንደ ፊደል ቆጣሪ፣
ሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ እንደገና ጀማሪ።

ከዚያ ሠራ። ደስ አለኝ። አንዱን ፖድ፣ እስቲ ብዬ፣ አጠፋሁት።
ተመለሰ።
ደግሜ አጠፋሁት። በሌላ ስም በቀለ፣ ምንም እንዳልደረሰ።
አጎቴ ይበልጣል መጣብኝ፣ ፎገራ ዳር፣ እስከ ደረቱ ጣና ውስጥ ገብቶ፣
እምቦጭ ሲነቅል ውሎ፣ እጁ ዝሎ፣ ወገቡ ተቀጥቶ፣
ሰኞ የጸዳው ውሃ ዓርብ አረንጓዴ ለብሶ እየጠበቀ፣
«ቅጠሉ ምን አደረገ? የላከውን ነው መጠየቅ» ሲል፣ ሱሪውን እየጨመቀ።
ፖዱም ምን አደረገ? ወደ ላይ ወጣሁ፣ የላከውን ፍለጋ፤
አገኘሁት፦ «ሦስት» የሚል፣ በገዛ እጄ የተጻፈ፣ ሌሊቱ ገና ሳይነጋ።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ፤ ከፔዳ እስከ ግሽ ዓባይ ጨለማ።
ክብራን ብቻ ቀረ፣ የመኪና ባትሪ ላይ፣ ሲያቃስት የሚሰማ።
ጠየቅሁት። ዝም። አዘዝኩት። ዝም። ሁሉን ያውቃል፣ አይፈርድም፤
ከሦስት ሽማግሌ ሁለቱ ቀርተው አንዱ ብቻውን እርቅ አያወርድም።
ባንቻምላክ ደወለች። «ስንት ጻፍክ?»
«ሦስት።»
«ስንት አለህ?»
«አንድ።»
«በል ተኛ» አለች።
አልተኛሁም። ከዓባይ አፍ በኩል ጉማሬ ሲተነፍስ ሰማሁ፣ ወይም መሰለኝ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ደቅ ነቃ። ዳጋ ተከተለ። እርስ በርስ ተጠያየቁ፤
መሪያቸውን መረጡ፣ ያለ ጭብጨባ፣ ሳይጨቃጨቁ።
ሦስት ሆኑ። እኔ ጣቴን አላነሳሁም።

እሑድ ዓባይ ማዶ፣ እናቴ ቤት። ቆሮሶ ጠብሳለች፣
ሦስት ሳህን፣ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የደሳለው፣
ሁለት ክረምት ያልደወለው፣ የት እንዳለ የማናውቀው።
መኪና ሲቆም በሩን ታያለች፣ ትመለሳለች፣ ሳህኖቹን በዓይኗ ትቆጥራለች፤
ባጃጅ ሲያልፍ እንደገና ታያለች፣ እንደገና ትቆጥራለች።

ሦስትን ወደ ሁለት ማውረድ የአንድ ጣት ሥራ ነው፤ አሁን አውቃለሁ።
ተነሥቼ ክዳን አመጣሁ፣
ዝንብ እንዳያርፍበት፣ የደሳለውን ሳህን ከደንኩለት።