አንድ ሽልንግ

ከሉነንበርግ ወደብ፣ ከፍርድ ቤቱ ምድር ቤት፣
ቬልማ ክናውስ ገለጠች፣ የኑዛዜ ጥራዝ፣ የጥንት።
ቀለሙ ዝጎ ደብዝዟል፤ ጸሐፊው ችኩል ነበረ፣
«ኤስ»ን እንደ «ኤፍ» እየሳለ፣ ስንት አንባቢ አደናገረ።

«እኔ ካስፓር ክናውስ፣ ጉልበቴ ከድቶኝ፣ ልቤ ግን ሳይስት፣
አልጋዬን፣ ሁለት ላሞቼን፣ የጎመን በርሜሌን ለሚስት፤
እርሻዬን ለያኮብ። ለበኩሬም ለሊዮንሃርድ
አንድ ሽልንግ።»

ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች፦ «ካደው አባቱ፣
በአንድ ሽልንግ ብቻ አሰናበተው ከቤቱ።»
የሊዮንሃርድ ዘር ነችና፣ ቂሙን ከጡት ጋር ጠብታ፣
ከያኮብ ልጆች ስትገናኝ፣ አታልፍም ሰላምታ ሰጥታ።

ሦስት ጊዜ አነበበችው፣ በማጉያ፣ በጣቷ ጫፍ፤
«ብቻ» የሚል የለበትም፣ ያ የሟቹ የኑዛዜ ጽሑፍ።
እኛው ነን የጨመርነው።

ወደ ንብረቱ ዝርዝር አለፈች፦
መልሕቅ፣ መረብ፣ ሁለት መቅዘፊያ።
ጀልባ ግን የለም።
መቅዘፊያ ያለው ሰው ጀልባውን የት ጣለው?

ከሌላ ጥራዝ አገኘችው፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፦
«ለሊዮንሃርድ፣ ጎጆ ሲወጣ፣ ጀልባዬንና የባሕሩን ዳር መሬት፤
ድርሻው ይኸው ነው፤ ወስዷል።»

ሽልንጓ እርግማን አልነበረች፤ ስሙ ተዘለለ እንዳይባል፣
ዳኛ ፊት የተጣለች ጠጠር፣ «ይህንም ልጄን ቆጥሬዋለሁ» የምትል።

ለወንድሟ ለኦትማር ደወለች፤ ሰማት፣ ዝም ብሎ ቆየ፤
«ጸሐፊው ተሳስቶ ይሆናል» አለ፤ ስልኩን ዘጋና ተለየ።

ለኮፒው ሁለት ዶላር ሰጠች፤
መልሱን ሳትቀበል ወጣች።