ጀርባ ሳይሰጡ መውረድ

ሐይፋ ሁሉም ዳገት ነው፤
ባሕሩ ታች ነው፣ ቀርሜሎስ ላይ ነው፣
በመካከል ያለው ደረጃ የእኔ ነው።

ስልሳ ሁለት እርከን፣ ሊፍት የሌለው ቤት፣
በሳምንት ሦስት ቀን ከነባልዲዬ የምወጣበት።
ቆጥሬዋለሁ፤ በጣቴ አይደለም፣ በጉልበቴ፤
ሠላሳ አራተኛው ላይ ይጮኻል ቀኙ አጥንቴ።
ቄሱ አንድ ቀን፣ "መዓርግ ማለት እኮ ደረጃ ነው" አሉኝ።
ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ሹመት መስሎኝ!

ከወልቃይት ሱዳን፣ ሌሊት ሌሊት ስንሄድ፣
እናቴን የቀሚሷን ጫፍ ይዤ
"ኢየሩሳሌም ስንት ቀን ቀራት?" ብዬ ስጠይቃት
"ሁለት ዳገት" ትለኝ ነበር። ሁልጊዜ ሁለት ዳገት።
ሲመሽ ሁለት፣ ሲነጋ ሁለት፣
አገሩ ሜዳ ሲሆን እንኳ፣ ጉብታ በሌለበት፣
ሁለት።

አሁን ኢየሩሳሌም በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ነች፤
በዓመት አንዴ፣ ለስግድ፣ አያታለሁ፣ ያኔም ከሩቅ ነች።

ዘንድሮም ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ።
አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል፤ በአሥራ አንድ ተኩል ደረስኩ።
ሕንፃው ጋ ነው የደረስኩት፣ ቁልፍ ልተው ለተተኪዬ፣
ታክሲውን "አንዲት ደቂቃ" ብዬ።

ሽንኩርት ተቀበለኝ።
አንዱ እየነጠረ ወርዶ እግሬ ሥር ቆመ፣
ሌላው ተከተለ፣ ፖስታ ሳጥኑ ሥር ተጋደመ።
ቀና ስል ፍሪዳ፣ የአራተኛ ፎቋ፣ የሩማንያዋ ባልቴት፣
እርከን ላይ ቁጭ ብላለች፤ አንድ እግሯ ጫማ የለበት።
ትናንት ከብዷት ፌስታሉን እታች ጥላው አድራ፣
ሰው ሳያያት ልታወጣው ኖሯል፣ ሦስት ሦስት ፍሬ ቆጥራ።

ጎንበስ አልኩና ጀርባዬን ሰጠኋት።
"ነጭ ለብሰሻል እኮ" አለች። "ይታጠባል" አልኳት።

በአገር ቤት ለስግድ ተራራ ሲወጣ፣
ሁሉም እንዳቅሙ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣ።
የአባቴ ድንጋይ ትልቅ ነበር አሉ፤
"ጎሹ፣ ኃጢአትህ ይህን ያህላል?" እያሉ
ሲስቁበት፣ እሱ ዝም ብሎ ይወጣል፤
ላቡ ብቻ ይመልስላቸዋል።

ፍሪዳ ግን ቀላል ነች። አጥንትና ሽቶ።
ሠላሳ አራተኛው ላይ ጉልበቴ ጮኸ፣
ታች ታክሲው ጮኸ፣
ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፦
"አውቶቡሱ ሊነሳ ነው! የት ደረስሽ?" ትላለች ያይንአበባ።
"ሁለት ዳገት ቀረኝ" አልኳት።
ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የገባኝ።

ወጥ ቤቷ ውስጥ ሻይ ጣደችልኝ።
"ጾም ነኝ" አልኳት።
"የምን ጾም?" መነጽሯን ፍለጋ ተነሳች፤
ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን የፋርማሲ ካላንደር
በጣቷ አስሳ፣ "የለም" አለች።
እውነቷን ነው። ቀኑ ባዶ ነበር።
እርሳስ አቀበለችኝ። "ጻፊው ታዲያ።"
ጻፍኩት፣ በእኛ ፊደል፣ ሦስት ፊደል፣
በሐኪም ቀጠሮዋና በልጇ ልደት መሃል።

ተተኪዬ አልመጣችም። ቀሚሴን ወደ ላይ ቋጠርኩ።
ደረጃ ሲታጠብ ከላይ ነው የሚጀመር፤
ውሃ መንገዱን ያውቃል።
አጣቢዋ ግን ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ
ወደ ኋላ ነው የምትወርድ፣ አንድ በአንድ፣
ከተቀደሰ ቦታ እንደሚሰናበት ሰው፣
ጀርባዋን ሳትሰጥ።
ሃያ ዓመት ስወርድ ልብ አላልኩትም።

እነሱ እዚያ ሲሰግዱ፣ እኔ ታች ደረስኩ።
አንድ ሽንኩርት ሳጥኑ ሥር ቀርቷል፤ አነሳሁት።
መልሼ ላውጣው ወይስ ልሂድ ስል፣ በሩ ላይ ቆምኩ፤
በሕንፃዎቹ መሃል ባሕሩ ይታያል፣
ቀሚሴ ገና አልደረቀም፣
ትከሻዬም የፍሪዳን ሽቶ ይሸታል።