ሦስት ናኖሜትር

«የሻይ ብርጭቆ ነው ያስቀመጥክበት?»
አለኝ ቢያድግልኝ ከላይኛው አልጋ፣
አንገቱን አስግጎ፣ ዓይኑን እያሸ፣
ሌሊቱ ሊነጋ።

ብርጭቆ አልነበረም።
የፈረስ ራስ የሚሉት ጥቁር ደመና
ከቀዩ ጭጋግ ብቅ ካለበት፣
ትንሽ ወደ ጎን፣ ከኮከቧ አጠገብ፣ ታትሞበት
የማላውቀው ቀለበት፤
ውስጡ ፈዛዛ፣ ጠርዙ ደማቅ፣
አሥራ ስምንት ፎቶ ብደራርብ የማይለቅ።

አሥር አሥር ደቂቃ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣
አል ቁዋ አሸዋ ላይ፣
ካሜራው ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ፣
እኔ በሥራ ጃኬቴ ተሸፋፍኜ፣
ከሻርጃ በግማሽ ዋጋ የገዛሁትን ማጣሪያ አምኜ።

ማጣሪያው ጠባብ በር ነው፤ ሦስት ናኖሜትር።
ከአድማስ ወዲያ የሚነደው የጋዝ እሳት ቢመጣ፣
ጨረቃ ራሷ ብትመጣ፣
«ወዴት?» ብሎ የሚመልስ ዘበኛ፤
ለሃይድሮጅን ቀይ ብቻ ገለል የሚል፣ ለሌላው ምቀኛ።

ኮከቧ ግን ብርቱ ናት።
ከብርሃኗ መሃል ያችኑ ቀይ ቅንጣት
ይዛ ገባች። መብቷ ነው፤ በሩን አልሰበረችም።
ገብታ ግን አርፋ አልተቀመጠችም።

ቢጁ፣ አል ዓይን ውስጥ መነጽር የሚሞርድ የኬረላ ሰው፣
ሁለት ብርጭቆ ክዳን አንሥቶ አስረዳኝ፦
«ካሜራው ላይ ደርሳ ትነጥራለች፤
ተመልሳ የማጣሪያውን ጀርባ ትመታለች፤
ዳግመኛ ትመጣለች።
ነጥብ ሆና ሄዳ፣ ክብ ሆና ትደርሳለች።»

ገባኝ። የገደል ማሚቶ።
ገደል በሌለበት አገር፣ ለጥ ባለ ሜዳ፣
አውራ ጣት በማታህል ክፍተት፣
ኮከብ ተጣርታ የገዛ ድምጿ ሲመልስላት፣
ማን እንደጠራት ግራ ገብቷት።

በሳምንቱ ተመለስን።
ማጣሪያውን ገለበጥኩ፤ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ሰማይ።
ክፍተቱን በቀጭን ብረት አሰፋሁ፤
ቀለበቱ ሰፋ፣ ሳሳ፣
አልሞተም።
ኮከቧን ከመሃል ገፋ ባደርጋት
ጭጋጉ ከፈረሱ ጋር እንደ ቆመ ቀረ፣ ቀለበቱ ሸሸ፤
ውሸቱ የቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ለየሁ።

የግመል በረቱ ጌታ ሙሰለም ባትሪውን አጥፍቶ መጣ፤
ጣቱን ወደዚያችው ቀስሮ
«አኒጣቅ» አለ፤ መታጠቂያው ማለት ነው።
ካርታዬ ላይ አልኒታክ ተብሎ፣
መታጠቂያው ላልቶ፣ ወገቡ ተፈትቶ ነው የተጻፈው።
እኔ ግን ጠ አለኝ። ቀ አለኝ።
እንደሱ አጥብቄ ጠራኋት።

ከዚያ ሙሳፋ፣ አልጋዬ ላይ፣ ኮምፒውተሩን ታቅፌ፦
ልፋቀው? ይፋቃል፤ አንዴ ጠቅ ነው።
ከሥሩ ግን ጭጋግ አለ፣ ስስ፣ እውነተኛ፤
ፍቄ በምን ልሙላው? በግምቴ?
የክሬን ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤
የተበጠሰ ሽቦ በሽቦ እንጂ በቀለም አልቀጥልም።

ከሁለተኛው ሌሊት ቆርሼ የፊተኛውን ጠገንኩ፣
ሰማይን በሰማይ ጣፍኩ።
ሁለቱ ቀለበቶች በተነካኩበት ቦታ ብቻ
የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቅስት ቀረች።
እሷን አልነካኋትም።

ቢያድግልኝ ማለዳ ቱታውን እየለበሰ
ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቆይቶ አየ፤
«ፈረሱስ ደህና፤ ይቺን ጨረቃ ማን ጨመራት?»
መልስ ሳይጠብቅ ቀበቶውን አጠበቀ።
አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ።