ልክሽን እወቂ

ድልድይ ከፋች ነኝ፤ ፍሪስላንድ፣ ከአንድ ሰፊ ቦይ ዳር።
የሸራ ጀልባ ሲመጣ፣ ተራዳው ከሩቅ ሲገተር፣
ቁልፍ እጫናለሁ፤ አስፋልቱ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤
አይብ የጫነው መኪና፣ ሐኪሙም፣ ቄሱም ይጠብቃል።
ተራዳን «እባክህ ጎንበስ በል» ያለው ሰው አላጋጠመኝም።
እኔን ግን ስንቱ! በራፉ፣ አምፖሉ... ቆጥሬ አልዘልቀውም።

አንድ ሜትር ከዘጠና ሦስት። በትምህርት ቤት ፎቶ ላይ
ከኋላ፣ ከዳር፣ ጉልበቴን አጥፌ የቆምኩት፣ እንዳልታይ።
እናቴ የሱሪዬን ጫፍ በየዓመቱ ትፈታው ነበር፤
ያልደበዘዘው የጨርቅ መስመር እንደ ግንድ ቀለበት ሲቆጠር።
የጂምናስቲክ መምህሬ ነች በልጆች ፊት ያለችኝ፦
«ቪትስከ፣ ልክሽን እወቂ!» ልኬን ግን መቼ አሳየችኝ?

በአርባ ዓመቴ ሐይቅ ገባሁ፤ ዋናው እሺ አለኝ ወዲያው፤
ክንዴ መቅዘፊያ ነው፤ ዳክዬው ሸሽቶ አየኝ ከማዶው።
ሩጫም አላስቸገረኝም፣ ጫማ ማግኘት ካልሆነ በቀር።
ትሪያትሎኑ ግን መሃሉ ብስክሌት ነው። እዚያ ነው ነገር።

ማታ ማታ ሰንጠረዥ አነባለሁ፤ ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ ስምንት፣
የአንዱ ፋብሪካ «ትልቅ» ለሌላው «መካከለኛ» የሆነበት።
የኔ ቁጥር ካለም እንኳ፣ ከገጹ ጥግ፣ በኮከብ ምልክት፦
«በትእዛዝ ብቻ»።

የመጀመሪያው ሻጭ፣ ሌዋርደን፣ ጺሙን እየዳበሰ፣
«ኮርቻውን ከፍ እናድርገው» አለ፤ አደረገና ጨረሰ።
ኮርቻው ጣሪያ፣ መሪው ወለል፤ ሽመላ ዓሣ ስትወጋ
መስዬ ታየሁ በመስታወት፣ ጉልበቴ ከክርኔ ሲላጋ።
«እንዴት ያምራል!» አለ። አልዋሸም፤ የሚያየው ብስክሌቱን ነበር።

ሁለተኛው የጥርስ ሐኪም፤ ከጋራዡ ያወጣው ካርቦን፣
ጥቁር፣ እንደ ምላጭ የሳሳ፤ ዋጋውም ግማሹ ሲሆን።
እውነት ልንገራችሁ? ወደድኩት። ልኬ እንዳልሆነ እያወቅኩ፣
ክርኔን ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ሃያ ደቂቃ ዞርኩ።
ወገቤ ነው «ተይው» ያለኝ።
ጠባብ ጫማ ለሠርግ ነው፤ ለአርባ ኪሎ ሜትር አይሆንም።

ሦስተኛው ሽማግሌ ነው፣ ቦልስዋርድ፤ ዎበ ይሉታል።
ብስክሌት አላሳየኝም።
«ጫማሽን አውልቂና ከግድግዳው ተጠጊ» አለኝ፤
አሮጌ የስልክ ማውጫ፣ እንደ ኮርቻ፣ ከእግሬ መሃል አስያዘኝ፤
በእርሳስ ጫረ፤ ሜትሩን ዘረጋ፤ ከትከሻ፣ ከክርን፣ ከአንጓ።
«ልክሽን እንወቅ» አለ፣ እንዲሁ፣ እንደ ሰላምታ።

ቃሉ ያው ቃል ነው። ሠላሳ ዓመት ጫማዬ ውስጥ የኖረው
ጠጠር ግን ወድቆ ሲንከባለል የሰማሁት እኔ ብቻ ነው።

«ስድሳ ሁለት» አለ። «ካርቦን አይደለም፤ አሉሚኒየም ነው፤
ቀለሙም የወተት ጋን ይመስላል። አንገቱ ግን ረጅም ነው።»
የሁለት ዓመት ቁጠባዬን ሰጠሁ። ስድስት ሳምንት ጠበቅኩ።

ሲመጣ፣ ክርን ማሳረፊያው «ጎንበስ በይ» አለኝ፣ እሱም።
ቆምኩ። ለዚህ ነው የተለካሁት? ለአንድ ተጨማሪ የበር ጉበን?
«ይህ ለሰው አይደለም» አለ ዎበ። «ተራራ የለንም፤ ነፋስ አለ።
ተራራችን እሱ ነው።» ሰንሰለቱን ዘይት ቀባ፤ ዝም አለ።

ቅዳሜ፣ በባሕሩ ግድብ ላይ፣ በጎቹን እያለፍኩ፣
በፈቃዴ ጎነበስኩ።
ነፋሱ በጀርባዬ ላይ ተሻገረ፣
የወረደ ድልድይ እንዳገኘ መኪና፣
ሳይነካኝ።

ስመለስ ድልድዬ ተነሥቷል፤ ተረኛው ሲትሰ እጁን ያውለበልባል፤
አንድ ጀልባ፣ ቀስ ብሎ፣ ተራዳውን ይዞ ያልፋል።
ኮርቻው ላይ እንዳለሁ እግሬን ወደ ታች ሰደድኩ፣
በኖርኩባቸው ብስክሌቶች ሁሉ እንደማደርገው፤
አስፋልቱ የለም።
ተንገዳገድኩ፣ የብረት አጥሩን ያዝኩ፣ ሳቅኩ፤
በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ
እግሬ መሬት አልደረሰም።